ዕቃ ቤትን ስለ ማጽዳት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ የክርስቲያን ሰው ትምህርት በቤተ መቅደስ ውስጥ ተሰምቶ የሚያበቃ አይደለም። በእልፍኝም በማጀትም በግቢም ይፈተናል። ስለ ጾምና ስለ ጸሎት፣ ስለ ንስሐና ስለ ምጽዋት ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ እኛ ዛሬ ግን ብዙዎች «ይህ ከሃይማኖት ጋራ ምን ያገናኘዋል?» የሚሉትን አንድ ነገር ልናነሣ ወደድን። ይኸውም በየቤታችን ተቈልፎ ስለሚኖረው ክፍል ነው። መኪና ያለው ሰው ለመኪናው ማደሪያ ብሎ ይሠራውና ጋራዥ ይለዋል፤ መኪና የሌለው ዕቃ ቤት ይለዋል፤ በጋራ መኖሪያ ቤት የሚኖረውም ከደረጃው ሥርና ከበረንዳው ላይ ያበጀዋል። ስሙ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው፤ የማንጠቀምበትን፣ ነገር ግን ለመስጠትም ለመጣልም ያልቈረጥንበትን ዕቃ ሁሉ የምናከማችበት ስፍራ ነው።

በመጽሐፈ ነህምያ በ13ኛው ምዕራፍ የተነገረው ታሪክ ለዚህ ትምህርት መሠረት ይሆነናል። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ካሠራ በኋላ ወደ ንጉሡ ወደ አርጤክስስ ተመልሶ ነበር። እርሱ በሌለበት ጊዜ በቤተ መቅደሱ ጓዳዎች ላይ የተሾመው ካህን ኤልያሴብ፣ ከጦብያ ጋራ ይወዳጅ ስለ ነበር፣ አንድ ትልቅ ጓዳ ለእርሱ ለቀቀለት። ያ ጓዳ አስቀድሞ ቍርባኑና ዕጣኑ፣ ንዋያተ ቅድሳቱም፣ ለሌዋውያንና ለመዘምራን ለበረኞችም የሚከፈለው ዐሥራት የሚቀመጥበት ነበር። ነህምያ ተመልሶ መጥቶ ይህን ባየ ጊዜ እጅግ አዘነ፤ የጦብያንም የቤት ዕቃ በሙሉ አውጥቶ ጣለ፤ ጓዳዎቹን አስነጻ፤ የሚገባቸውንም ዕቃዎች ወደ ቀድሞ ቦታቸው መለሰ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እናስተውላለን። አንደኛው፣ ከጓዳው የወጣው ጣዖት አልነበረም፤ የቤት ዕቃ ነበር። አልጋ ይሆናል፣ ምንጣፍ ይሆናል፣ ድስት ይሆናል። እነዚህ በቦታቸው ቢሆኑ ኖሮ ማንም ባልነቀፋቸው ነበር፤ ጥፋቱ የሌላውን ስፍራ መያዛቸው ነው። ሁለተኛው ከዚያው ተያይዞ የሚነገረው ነው፤ ነህምያ በመረመረ ጊዜ ሌዋውያንና መዘምራን ድርሻቸው ስለ ተቋረጠባቸው አገልግሎታቸውን ትተው ወደየእርሻቸው ሄደው አገኘ። እንግዲህ ስፍራው በማይገባው ነገር ሲሞላ የሚገባው ሰው ይሰደዳል። የዛሬው ነገራችን ሁሉ በዚህች አሳብ ላይ የቆመ ነው።

ይህን የምንጽፈው በተለይ በአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ በአቃቂ ቃሊቲ የሚኖሩትን ወገኖቻችንን በማሰብ ነው። አቃቂ ከመቶ ዓመት ወዲህ የብረትና የመንገድ አገር ሆኖ የኖረ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ያለፈው በአቃቂ ነው። ከዚያ በኋላ የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የመለዋወጫ ዕቃ ፋብሪካዎች ተተከሉበት፤ ከባሕር ወደብ የሚመጣውም ጭነት ለብዙ ዘመን ወደ ከተማው የገባው በቃሊቲ በኩል ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር እንኳ በደቡብ በኩል የተዘረጋው እስከ ቃሊቲ ድረስ ነው። ስለዚህም በዚያ አካባቢ ከሚኖሩት አባወራዎች ብዙዎቹ በሾፌርነት ወይም በመካኒክነት ወይም በፋብሪካ ሠራተኛነት ልጆቻቸውን ያሳደጉ ናቸው፤ በዕቃ ቤታቸውም የሚገኘው ጎማና ከመነዳሪ፣ ባሌስትራና ክሪክ፣ ብሎንና ላሜራ፣ የዘይት በርሜልና ያረጀ ባትሪ ነው። ባለሙያ ሰው ለመሣሪያው ፍቅር አለውና ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን ፍቅሩ ከሙያው ወደ ክምሩ የዞረ እንደ ሆነ መከራ ያመጣል።

በዚያው ሰፈር የሚኖሩ አንድ አዛውንት የነገሩንን፣ ስማቸውን ሳንጠራ፣ በፈቃዳቸው እንጽፈዋለን። እኒህ ሰው በአሰብ መንገድ ለብዙ ዓመት ሲመላለሱ የኖሩ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። ኤን ትሬ እየተባለ የሚጠራው ፊያት መኪናቸው በበረሃ መካከል በተሰበረ ጊዜ ከራሳቸው እጅ በቀር ረዳት አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ያገኙትን መለዋወጫ ሁሉ መሰብሰብ ልማድ ሆነባቸው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋራ ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ሥራቸው ቀነሰ፤ ጥቂት ቆይተውም ጡረታ ወጡ። መኪናው የድርጅት ነበርና ለባለቤቱ ተመለሰ፤ በግቢያቸው «አንድ ቀን የራሴን መኪና አቆምበታለሁ» ብለው የሠሩት ክፍል ግን በዕቃ ተሞልቶ ቁልፉ በአንገታቸው ተንጠልጥሎ ቀረ።

የመጨረሻው ልጃቸው በብረታ ብረት ሥራ ከሙያ ትምህርት ቤት ተመረቀ። ሥራ ፈልጎ ባጣ ጊዜ ወደ አባቱ ቀርቦ፣ «አባባ፤ ይህን ክፍል ቢለቁልኝ፣ ሞርሳውንና መፍቻዎቹንም ቢያውሱኝ፣ በርና መስኮት እየሠራሁ እንጀራዬን እበላ ነበር» ብሎ ለመናቸው። እርሳቸውም፣ «ልጄ፤ ይህ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነው፤ ዕቃውንስ አውጥቼ የት አደርገዋለሁ?» ብለው መለሱለት። ልጁ ሦስት ጊዜ ለመነ፤ በ4ኛው አልለመነም። አንድ ቀን ማለዳ እናቱን ብቻ ተሰናብቶ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪቃ መንገድ ሄደ።

ልጁ በሄደ በዓመቱ ክረምቱ በርትቶ ጐርፍ ወደ ግቢው ገባ፤ አዛውንቱም ዕቃቸውን ከውኃ ለማዳን ክፍሉን ከፈቱት። ከመነዳሪው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ማጣሪያውን አይጥ በልቶታል፤ የፍሬን ሸራው ረጥቦ ተላጧል፤ ብሎኑም እርስ በርሱ በዝገት ተጣብቆ እንደ አንድ ድንጋይ ሆኗል። ከዚያ ሁሉ ክምር ውስጥ ደኅና ሆኖ የተገኘው ሞርሳውና አንድ ሣጥን መፍቻ ብቻ ነበር፤ ልጃቸው የለመናቸውም እርሱኑ ነበር። «ክፉው ቀን ይመጣል ብዬ በሬን ዘግቼ ጠበቅሁት፤ እርሱ ግን በዚያው በዘጋሁት በር ገባ» አሉን። ከንስሐ አባታቸው ጋራ ተማክረው ክፍሉን አጸዱት፤ ዛሬ አባቱ የሞተበት የጎረቤታቸው ልጅ ይሠራበታል። የእርሳቸው ልጅ ግን እስካሁን አልተመለሰም። በስልክ ክፍሉ መጽዳቱን በነገሩት ጊዜ ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፣ «ሞርሳው ደኅና ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

ይህን የጻፍነው አዛውንቱን ለመንቀፍ አይደለም። የእኛ ሰው ዕቃ የሚያከማቸው ስስታም ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የደረሰበትን ስለማይረሳ ነው። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረኀብ ያየ፣ ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በካርድ የተሸመተበትን ዘመን ያለፈ፣ አንዲት መለዋወጫ ለማግኘት ወራት የጠበቀ ሰው፣ ቆርቆሮና ሽቦ ሲያነሣ ብንመለከተው ልንስቅበት አይገባንም። ጌታችንም በአምስት እንጀራ ሕዝቡን ካጠገበ በኋላ ፍርፋሪው በከንቱ እንዳይቀር ደቀ መዛሙርቱን አሰብስቧል፤ 12 መሶብም ሞልቷል። ቁጠባ መልካም ነው፤ ብክነትም ኃጢአት ነው። እንግዲህ የተመሰገነውን ቁጠባ ከተነቀፈው ክምችት በምን እንለየዋለን?

ሁለት ጎተራዎችን እናነጻጽር። የመጀመሪያው የዮሴፍ ጎተራ ነው። ዮሴፍ በግብፅ አገር በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ ከ5 እጅ አንዱን አስቀመጠ። ልኩን ያውቃል፤ ጊዜውንም ያውቃል፤ የሚመገቡትንም ያውቃል። ራቡ በመጣ ጊዜ ጎተራውን ከፈተ፤ ከከነዓን የመጡት ወንድሞቹ እንኳ ከዚያ በሉ። ሁለተኛው በሉቃስ ወንጌል በ12ኛው ምዕራፍ የተነገረለት የባለጠጋው ጎተራ ነው። እርሱ ምርቱ ቢበዛለት የቀድሞውን ጎተራ አፍርሶ የሚበልጥ ሊሠራ ዐሰበ፤ ስለ ሌላ ሰው አንዲት ቃል አልተናገረም፤ በዚያችም ሌሊት ነፍሱ ተፈለገች። ሁለቱም አከማችተዋል። ነገር ግን የዮሴፍ ጎተራ የሚከፈትበት ቀን ነበረው። የሚከፈትበት ቀን የሌለው ጎተራ መቃብር ነው፤ ውስጡ ያለው ዕቃም እንደ ሬሳ ይፈርሳል እንጂ አይጠቅምም።

ስለዚህ በዕቃ ቤታችን ባለው በእያንዳንዱ ነገር ላይ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፤ «ለማን ነው? እስከ መቼ ነው? ስንት ይበቃል?» ለእነዚህ መልስ ያለው ዕቃ የዮሴፍ ነው፤ ይቀመጥ። መልሱ «ምናልባት ለአንድ ቀን ይሆናል» ብቻ የሆነ እንደ ሆነ ግን የባለጠጋው ነው። «ምናልባት» የተባለው ቀን በቀን መቍጠሪያ ላይ የለም።

በ4ኛው መቶ ዓመት የቂሣርያ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ ይህንኑ የወንጌል ምሳሌ በተረጐመበት ስብከቱ እጅግ የሚያስደነግጥ ነገር አስተምሯል። አሳቡ በአጭሩ፣ በሣጥን የተቈለፈው ልብስ የታረዘው ሰው ነው፤ በቤት ውስጥ የሚበሰብሰውም ጫማ በባዶ እግሩ የሚሄደው ሰው ነው የሚል ነው። ቅዱስ ባስልዮስ ይህን በቃል ብቻ አልተወውም፤ በአገሩ ረኀብ በገባ ጊዜ ምግብ አሰብስቦ ችግረኞችን አብልቷል። ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ የባለጠጎች ወርቅና ብር የያዘው ዝገት ምስክር ሆኖ እንደሚነሣባቸው ያስጠነቅቃል። ዝገት ምን ብሎ ይመሰክራል ብንል፣ «ይህ ዕቃ ሳይሠራ የተቀመጠው ለዚህን ያህል ዓመት ነው» ብሎ ነው። ሐሰት አይናገርም፤ ዕድሜውን በላዩ ጽፎ ይዞ ይቀርባልና።

ደግሞ ከዕቃዎች ሁሉ ለመለየት የሚያስቸግረው የሞቱ ወገኖቻችን ዕቃ ነው። የአባት ካፖርት፣ የእናት መሶብ፣ የወንድም መጻሕፍት በእጃችን ሲገቡ ዕቃውን የጣልን ሳይሆን ሰውየውን ሁለተኛ የቀበርነው ይመስለናል። ይህን የሚሰማውን ልብ አንነቅፈውም። ነገር ግን እግዚአብሔር እስራኤልን በምድረ በዳ 40 ዓመት መና ሲመግብ ለልጅ ልጅ መታሰቢያ እንዲሆን ያዘዘው ምን ያህሉን ነው? አንድ ጎሞር ብቻ ነው። ያለ ትእዛዝ ለነገ ያስቀመጡት መና ተልቶ ሸተተ፤ ለመታሰቢያ የተቀመጠው ጎሞር ግን በማሰሮ ሆኖ በእግዚአብሔር ፊት ኖረ። ለመታሰቢያ አንድ ጎሞር ይበቃል። የአባትህን አንድ ጋቢ ወይም አንድ መዶሻ በክብር አስቀምጥ፤ የቀረውን ስሙን ጠርተህ ስለ ነፍሱ ስጥ። የአባትህ ካፖርት በብርድ የሚንቀጠቀጠውን ዘበኛ ባሞቀው ጊዜ አባትህ ይታሰባል፤ በጆንያ ውስጥ ብል ሲበላው ግን ማን ያስበዋል?

የአቃቂ ሰው ለዚህ ነገር ሌላ ምሳሌ በደጁ አለው። የአባ ሳሙኤል ግድብ በአገራችን በውኃ ኃይል መብራት ከሰጡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በኋላ ግን ከከተማው በኩል ወንዞቹ ይዘውት የሚወርዱት ደለልና ጥራጊ ሐይቁን እየሞላው፣ እንቦጭ የተባለውም አረም በላዩ እየተስፋፋበት ሄደ፤ ማመንጫውም ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ ኖረ፤ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ እንደገና እስኪሠራ ድረስ። ደለል በአንድ ቀን አይገባም። በየክረምቱ ጥቂት ጥቂት ይቀመጣል፤ ማንም አያየውም፤ ነገር ግን አፈሩ በተቀመጠበት ስፍራ ውኃ ሊቀመጥ አይችልም። የቤታችንም ነገር እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ካርቶን ሲገባ ትንሽ ነበር፤ ተደራርቦ ግን እንግዳ የሚያድርበትን፣ ልጅ የሚያጠናበትን፣ ጎልማሳ የሚሠራበትን ስፍራ ወሰደ።

እንግዲህ ይህ ከታወቀ ሥራው እንደ ምን እንደሚሠራ ደግሞ እንናገር፤ ምክር ያለ መንገድ አይጠቅምምና። ጊዜው ጳጉሜን ቢሆን መልካም ነው። ጳጉሜን የዓመቱ ሒሳብ የሚዘጋባት፣ ቤተ ክርስቲያናችንም ዕለተ ምጽአትን እንድናስብባት የምታስተምርባት ወር ናት። ዝናብ ቢያስቸግር በጥቅምት ፀሓይ ይደረግ። የቤቱ ሰዎች ሁሉ በአንድነት ይሁኑ። ሚስት በሌለችበት የሚስትን፣ አባት በሌለበት የአባትን ዕቃ አውጥቶ መጣል ጽዳት አይባልም፤ ቂም መዝራት ነው። ያዘዘውም ሰው ቆሞ አይመልከት፤ ጨርቅና መጥረጊያ ይያዝ።

በመጀመሪያ ዕቃው ሁሉ ወደ ግቢ ይውጣ። ከፊሉን ብቻ እያነሡ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ማዞር ድካም ብቻ ነው። ንስሐ የሚገባ ሰው ከኃጢአቱ ከፊሉን ተናግሮ ከፊሉን ቢደብቅ እንደማይፈወስ፣ የዕቃ ቤትም ጽዳት ሁሉ ካልወጣ አይሆንም። ክፍሉ ባዶ በሆነ ጊዜ ወለሉ ይጠረግ፤ ግድግዳው እርጥበት እንዳለው፣ የአይጥ ቀዳዳም እንዳለበት ይታይ።

ከዚያ በኋላ ዕቃው በአምስት ይከፈል። አንደኛው፣ ባለፈው ዓመት የሠራንበትና በሚመጣውም በእርግጥ የምንሠራበት ነው፤ ይህ ይመለሳል። ሁለተኛው፣ የሌላ ሰው ገንዘብ ነው። ምእመናን ሆይ፤ በዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። በየዕቃ ቤታችን የተውሶ ዕቃ ሞልቷል፤ የጎረቤት መሰላል፣ የእድር ድስትና ወንበር፣ የወዳጅ መሰርሰሪያ። ተውሶ መርሳትን ትንሽ ነገር እናደርገዋለን፤ ነገር ግን ያልተመለሰ ተውሶ ከስርቆት የሚለየው በባለቤቱ ትዕግሥት ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ሳያድር፣ ይቅርታ ጠይቀን፣ በገዛ እጃችን እንመልስ። ስለ አንድ አካፋ ለዓመታት ሰላምታ የተቋረጠበት ቤት አይታጣምና፣ የሚመለሰው ምናልባት አካፋው ብቻ አይሆንም።

ሦስተኛው፣ ለእኛ ትርፍ ሆኖ ለሌላው የሚጠቅም ነው። አራተኛው፣ ተሰብሮ ያበቃለት፣ ነገር ግን ብረቱ ወይም ጠርሙሱ ወይም ፕላስቲኩ ዋጋ ያለው ነው፤ ይህ ለቆራሌው ነው። ቆራሌው «ቆርቆሮ ያለው» እያለ ከመጣራቱ የተነሣ ስሙን እንዳገኘ ይነገራል። ብዙ ሰው እንደ ተራ ነገር ያየዋል፤ እርሱ ግን ጆንያውን ተሸክሞ በየመንደሩ ባይዞር ኖሮ ከተማችን በገዛ ጥራጊዋ በተቀበረች ነበር። እርሱ የሰበሰበው በመርካቶ ምን አለሽ ተራ ይደርሳል፤ በዚያም ባለሙያዎች በርሜሉን ቀጥቅጠው ምድጃ፣ ጣሳውን ኩራዝ፣ ላሜራውን መጥበሻ ያደርጉታል። እኛ ጨርሶ ሞተ ያልነውን ሌላው ያስነሣዋል። ስለዚህ ቆራሌው ወደ በራችን ሲመጣ በክብር እንቀበለው፤ በሚዛኑም አናጭበርብረው፤ በዋጋውም አናስጨንቀው።

አምስተኛው አደገኛው ነው፤ በመኪና ማደሪያ ክፍል ውስጥ ከሌላው ስፍራ ይልቅ የሚበዛውም ይህ ነው። ያረጀ የመኪና ባትሪ እርሳስና አሲድ አለበት፤ እርሳስም በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። በጀሪካን የተቀመጠ ቤንዚን ትነቱ ከአየር የሚከብድ ስለሆነ በወለል ላይ እየተሳበ በሩቅ ያለ ከሰል ምድጃ ሊደርስና ቤቱን ሊያቃጥል ይችላል። በዘይት የተነከረም ጨርቅ ተከምሮ አይተው። ይህ ሁሉ ከመኖሪያ ቤቱ ይለይ፤ ሕፃናት አይንኩት። ነገር ግን ከቤታችን አወጣነው ብለን በጎረቤታችን ላይ አንድፋው። የተቃጠለ ዘይትን በቦይ የሚያፈስ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ይወቅ፤ ታላቁና ትንሹ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፤ በወንዙ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያለማ ገበሬ፣ ከብቱን የሚያጠጣም እረኛ አለ። ያው ጎመን ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል። ስለዚህ ዘይቱም ባትሪውም በተዘጋ ዕቃ ሆኖ ለሚሰበስቡት ሰዎች ይሰጥ።

የቀረው ዕቃ በሥርዓት ይመለስ። በኦሪት ዘኁልቍ እንደተጻፈው፣ ድንኳኑ ሲነሣ ለእያንዳንዱ ተሸካሚ የሚሸከመው ዕቃ በስሙ ተቈጥሮ ይሰጠው ነበር፤ ካስማውና አውታሩ እንኳ አልተናቀም። ሐዋርያው ጳውሎስም በእስር ቤት ሳለ ለጢሞቴዎስ በጻፈው መልእክት በጢሮአዳ ከአክርጳ ዘንድ የተወውን በርኖስና መጻሕፍቱን እንዲያመጣለት ለምኗል። ያለው ጥቂት ነበር፤ የት እንዳለም ያውቅ ነበር። እኛም እንዲሁ እናድርግ። ከባዱ ከታች፣ ከወለሉ በጣውላ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ጐርፍና እርጥበት እንዳይነካው። መፍቻው፣ መጋዙና መዶሻው በግድግዳ ላይ ይሰቀሉ፤ የእያንዳንዱ ቅርጽ ከበስተኋላው በቀለም ቢሣል የጐደለው ወዲያው ይታወቃል። ብሎንና ሚስማር በየመጠኑ በጣሳ ሆኖ ስሙ ይጻፍበት። መደርደሪያው እንዳይወድቅ ከግድግዳው ጋራ ይታሰር። በተዘጋ ካርቶን ላይ የተዘጋበት ቀን ይጻፍ፤ ዓመት ሞልቶት ያልተከፈተ እንደ ሆነ ሦስቱ ጥያቄዎች እንደገና ይጠየቁበት። ከሁሉ በላይ በመካከሉ መንገድ ይቅር፤ ሰው የማይገባበት ክፍል ሰው ቤት አይባልምና።

ለሰው የምንሰጠውን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ከቤታችን የምናስወግደው ሁሉ ምጽዋት አይደለም። በዘመነ ኦሪት አንካሳና ዕውር በግ ይዘው ለመሥዋዕት የቀረቡትን እግዚአብሔር በነቢዩ በሚልክያስ አፍ ገሥጿቸዋል። ቁልፉ የጠፋ ሣጥን፣ ግራው የሌለ ጫማ፣ ገመዱ የተበጠሰ ካውያ ለድኻ ሰጥቶ «መጽውቻለሁ» ማለት የራስን ጥራጊ በሌላው ደጅ መጣል ነው። የሚሰጥ ልብስ ይታጠብ፤ የሚሰጥ መሣሪያ ዘይት ይቀባ፤ ያላደረ ጥርስ ያለው መጋዝ ይሰጥ። ደግሞም ስንሰጥ ጊዜውን አናሳልፍ፤ አዛውንቱ ሞርሳውን ሰጥተዋል፤ ነገር ግን የለመናቸው ልጅ ከሄደ በኋላ ነው።

ሌላም ፈተና አለ። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ዐይናችን ወደ ገበያ ይመለከታል። አንድ ርኩስ መንፈስ ከሰው ወጥቶ፣ ቤቱን ተጠርጎ ባዶ ሆኖ ባገኘው ጊዜ ከእርሱ የከፉትን ሰባት ይዞ እንደሚመለስ ጌታችን አስተምሯል። የተጠረገ ቤት የሚገባበት ካልተወሰነ ያው የቀድሞው ክምር ይመለስበታል። ስለዚህ ከማጽዳታችን በፊት ለማን እንደምናጸዳ እንወስን። ለሥራ ፈላጊ ልጅ ይሁን፤ ለአረጋዊት እናት ማረፊያ ይሁን፤ ከገጠር ለመጣ ዘመድ ማደሪያ ይሁን፤ ለጎረቤት ልጆች ማጥኛ ይሁን።

በመጨረሻ የነቢዩን የኤልሳዕን ታሪክ እናስብ። ባሏ የሞተባት፣ ባለ ዕዳም ሁለቱን ልጆቿን ሊወስድባት የመጣባት አንዲት ሴት ወደ ነቢዩ ጮኸች። በቤቷ ከአንድ ማሰሮ ዘይት በቀር ምንም አልነበራትም። ነቢዩ ከጎረቤቶቿ ምን እንድትዋስ አዘዛት? ገንዘብ አይደለም፤ እህልም አይደለም፤ ባዶ ማድጋ ነው። ባዶ ዕቃ እስከ ተገኘ ድረስ ዘይቱ ፈሰሰ፤ ባዶ ዕቃ ባለቀ ጊዜ ዘይቱ ቆመ። የእግዚአብሔር በረከት የቆመው ዘይት ስለ ጐደለ አይደለም፤ የሚቀበል ባዶ ስፍራ ስላልነበረ ነው። ልጆቿም በዚያ ዘይት ከባርነት ዳኑ፤ ከቤታቸውም አልተወሰዱም።

እኛም ቤታችንን እንመልከት። በረከት ጐደለብን፣ ልጆቻችን ከእጃችን ወጡብን ብለን ከማዘናችን በፊት የተቈለፈውን በር እንክፈት። ምናልባት የምንለምነው ነገር በደጃችን ቆሞ የሚገባበት ስፍራ አጥቶ ይሆናል።

እግዚአብሔር አምላካችን በስደት ያሉትን ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ በሰላምም ይመልስልን፤ ለእኛም ያለንን የምናውቅበትን ማስተዋል፣ የምንሰጥበትንም ጊዜ ሳያልፍብን ይስጠን። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ፤ አሜን።